ያልተቆጠረው ሰባት ቤት

ብዙወርቅን ሞያሌ ውስጥ የማያውቃት ተማሪ የለም። በኬንያ በኩል ባለው ገበያ ዳር፣ ከሎሪ ማቆሚያው ትይዩ፣ ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ከሄሉም ከኡራንም መንደር የመጣ ወላጅ ልጁን እያስቀደመ ደጇ ላይ ይኮለኮላል። እሷም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ታየውና፣ «ይሄማ ዓመቱ ሳያልቅ ይመዘዛል፣ ጫፉን አጥፌ ነው የምሰፋለት» ትላለች። አባትየው ቢከራከር አትሰማውም። ምላሷ ከመቀሷ ይብሳል የሚሏት አሉ። ይበሏት! የሰፋችው አይተረተርም፤ ስለዚህ አኩርፎ የሄደውም ተመልሶ የሚመጣው እሷው ጋ ነው።

ወደዚህ አገር የገባችው በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ድንበር ከተሻገሩት መካከል ነበሩ። ዋልዳ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ ከረሙ፤ አባቷ እዚያው በወባ ሞተ። እናቷም ሞያሌ ከገቡ በኋላ ብዙ አልቆየችላትም። ከእናቷ የስፌት መኪናውን ወረሰች። ከአባቷ የወረሰችው ሦስት ስም ነው፤ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን። አገራቸው መርሐቤቴ እንደሆነም ታውቃለች። ከዚያ በላይ የሚነግራት ሰው በሕይወት አልነበረም።

ኋላ ጉድ ያፈላው ይኸው ሦስት ስም ነው። ባሏ አሰግድ ጎሚስታ ነው፤ የሎሪ ጎማ ያወልቃል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። እናቱን ዲላ ትቶ ሥራ ፍለጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ለጋብቻ ሲጠያየቁ የእሱም አያት የመርሐቤቴ ሰው ሆነው ተገኙ። በደጋው ክርስቲያን ወግ ደግሞ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሌ ተቀምጦ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የወንዱም የሴቷም ዘር እስከ ሰባተኛው ትውልድ በስም እየተጠራ ይወርዳል፤ አንድ ስም ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸውና ጋብቻ የለም። አሰግድ ሰባቱንም አንበለበላቸው። ብዙወርቅ ሦስት ብላ ቆመች። ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት ጋሽ ኪሩ የሚባሉ የጥራጥሬ ነጋዴ ናቸው። ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ «ስደት ላይ ያደገች ልጅ ሰባት ቤት ከየት ታምጣ? ይጋቡ» አሉ። ተጋቡ። የአሰግድ እናት ግን እያጨበጨቡም ነገሩ ሆዳቸው ውስጥ ቀረ።

ልጅ ወለዱ፣ ፀዲ አሏት። ከተማውም ብዙወርቅን እንደ አገሩ ልማድ «ማማ ፀዲ» እያለ መጥራት ጀመረ። ልጅቷ በጊዜዋ ተቀመጠች፣ በጊዜዋ ዳኸች፣ ዓመት ሲሆናት አፏን ፈታች። «ማማ» ትላለች። «ውሃ» ትላለች። ወተት ሻጯ ጎረቤታቸው ካልቱማ ጀሪካኗን ይዛ ብቅ ስትል ደግሞ «አናን» ትላታለች፤ ወተት ማለት ነው በቦረንኛ። ካልቱማ ታዲያ፣ «ይቺ የኛ ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው እናንተ ቤት የተወለደች» እያለች ትስቃለች።

ዓመት ተመንፈቅ ሲሆናት ቃላቱ ጠፉ። መጀመሪያ «ውሃ» ቀረ፤ እናቷ ልብም አላለችው። ቀጥሎ «አናን» ቀረ። «ማማ» የቀረ ጊዜ ብዙወርቅ መኪናዋን አቁማ ልጇ ፊት ተንበርክካ፣ «በይ እስቲ፣ ማማ በይ» ስትል ዋለች። ቃልማ ይሁን፤ እጆቿም አብረው ሄዱ። የክር ጥቅልል ይዛ ቤቱን ስታንከባልል የነበረች ልጅ መጨበጥ ተሳናት። ሁለቱን እጆቿን ደረቷ ላይ አገናኝታ፣ ልብስ እንደሚያጥብ ሰው፣ ከነቃች ጀምሮ እስክትተኛ ማሸት ሆነ ሥራዋ።

ሞያሌ መድኃኒት ያጣ እንደሆን ነው እንጂ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ግርግር ተነስቶ ሰው ልጁን አዝሎ ድንበር ተሻግሮ ነበርና፣ አንዱ «ደንግጣ ነው» አለ። አንዱ «ዓይን ነው» አለ። ጸበል ወሰዷት። ካልቱማም ቁርአን የተቀራበት ውሃ በኮዳ አምጥታ አስጠጣቻት። ብዙወርቅ ሁሉንም አመሰገነች፣ ሁሉንም ሞከረች፣ ማታ ማታም ትራሷን አርጥባ ተኛች።

በመጨረሻ ከናይሮቢ የነርቭ ሐኪሞች ለጥቂት ቀን መጥተው ሕዝብ በነጻ ያያሉ ተባለ። ፀዲን ያየው ዶክተር ፍራንሲስ የሚባል ቀጭን ሰው ነው። ከመጻፉም ከመጠየቁም በፊት የልጅቷን እጆች ተመለከተ። ከዚያ በስዋሂሊ፣ «ማማ ፀዲ፣ በፊት ታወራ ነበር? ትጨብጥ ነበር?» አላት። ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም፤ ብዙወርቅ የጠፉትን ቃላት አንድ በአንድ ቆጠረችለት።

«እንዲህ ዓይነት እጅ ሳይ የምጠረጥረው አንድ ሕመም አለ» አለ። «ሰውነታችን ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ፕሮቲን የሚባሉ ናቸው። ባቄላና ሥጋ ውስጥ ያለውን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ብዙ ሺህ ዓይነት ፕሮቲኖች አሉ። እያንዳንዱ እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር መመሪያ አለው፣ ጂን እንለዋለን። መመሪያው አንዲት ቦታ ላይ ከተለወጠ የሚወጣው ፕሮቲንም ሌላ ዓይነት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ይሄ አይጎዳም፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም የሚሆነው በዚህ ነው። አንዳንዴ ግን ለውጡ ክፉ ቦታ ያርፋል።»

«የፀዲ የት አረፈ?»

«መንገድ ሲሠራ አይተሻል?»

ማን ያላየ! ከኢሲዮሎ የሚመጣው አስፋልት ያኔ እየተሠራ ነበር፤ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ቀን ሥራ የሚገባው እዚያ ነው።

«ካቦ የሌለ ዕለት ሠራተኛው ምን ያደርጋል?»

«አንዱ ይቆፍራል፣ ሌላው የተቆፈረውን ይደፍናል» አለች።

«ይሄ ፕሮቲን የነርቭ ሴል ካቦ ነው። አንተ ሥራ፣ አንተ ዝም በል እያለ ሌሎቹን ጂኖች ያዛል። የነርቭ ሴል ሲያድግ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣ ከጎረቤቱ ይያያዛል። የምንናገረውም የምንጨብጠውም በዚያ መያያዝ ነው። ካቦው ሲበላሽ ቅርንጫፉ አጥሮና ሳስቶ ይቀራል፣ መያያዣውም ያንሳል። ልጅቷ እስከ ዓመት ተመንፈቅ ደህና መስላ የምትታየው፣ ያ ሁሉ መያያዝ በጣም የሚያስፈልግበት ጊዜ ገና ስላልደረሰ ነው።»

ብዙወርቅ ፈርታ ጠየቀች። «ሞተዋል? ሴሎቹ?»

«አልሞቱም። ሴት ልጅ የዚህ መመሪያ ሁለት ቅጂ አላት፤ ከሴሎቿ ገሚሶቹ በደህናው ይሠራሉ፣ ገሚሶቹ በተበላሸው። ያድናታል ብዬ የምሰጥሽ መድኃኒት የለኝም፣ አልዋሽሽም። ልጅሽ ግን እዚያ ውስጥ አለች። ዓይኗን ተመልከቺ፤ እንዲህ ያሉ ልጆች የሚያወሩት በዓይናቸው ነው።»

ለማረጋገጥ ከልጅቷም፣ ከእናትም፣ ከአባትም ደም ወሰደ። ወደ ውጭ አገር ተልኮ ስለሚመረመር ወራት ይፈጃል፣ ሲደርስ እደውላለሁ አላቸው።

ብዙወርቅ ቤቷ እንደገባች በአንድ እጇ የውሃ ኩባያ፣ በአንድ እጇ የወተት ኩባያ ይዛ ልጇ ፊት ቁጭ አለች። ፀዲ ወተቱን አየች። ኩባያዎቹን አቀያየረቻቸው። ልጅቷ ቀስ ብላ ዓይኗን አዙራ አሁንም ወተቱን አየች። እናቷ አጠጥታት ስታበቃ የሆድ የሆዷን አለቀሰች። ከዚያን ቀን ወዲያ ልታለብሳት ስትል እንኳ ሁለት ቀሚስ አንጠልጥላ ትጠይቃታለች። ቀዩን ነበር የምትመርጠው፣ ሁልጊዜ ቀዩን።

ይህ ሁሉ ዲላ ሲሰማ የአሰግድ እናት አውቶቡስ ተሳፍረው ከተፍ አሉ። ልጅቷን አቅፈው አለቀሱ፤ እውነት ነው፣ ከአንጀታቸው ነው ያለቀሱት። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን፣ «ልጅቷ ታማ የባልና የሚስት ደም የተወሰደው ለምንድን ነው?» አሉ። መልሱንም ራሳቸው ሰጡ። «ሐኪሙ ዘመዳሞች መሆናቸውን ጠርጥሮ ነው። እኔስ መቼ ጠፋኝ! ሰባት ቤት ያልተቆጠረበት ጋብቻ እንዲህ ነው የሚያፈራው። ሁለቱም የመርሐቤቴ ናቸው አልተባለም?»

ወሬው ከቤት ወጣ። ወሬ ደግሞ አንዴ ከወጣ ለምሳም አይመለስ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሴቶቹ ብዙወርቅን ሲያዩ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ወንድሟን ያገባች ይመስል! የገዛ ወገናቸው ልጅ መሆኗን ረሱት።

ጋሽ ኪሩ ቤት ሽማግሌ ተሰበሰበ። ያኔ «ይጋቡ» ያሉት እሳቸው ናቸውና አሁን ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። ክርክሩ አልረዘመም። ውጤቱ እስኪመጣ አሰግድ በኢትዮጵያ በኩል ባለው ሞያሌ ያጎቱ ልጅ ዘንድ ይደር፣ ዘመዳሞች ሆነው ከተገኙ ጋብቻው ይፍረስ ተባለ። ብዙወርቅ ሽማግሌዎቹን አላየችም። ያየችው ባሏን ነው። ይሄ ጎማ በመዶሻ የሚያወልቅ፣ በጉልበቱ የሚፎክር ሰው አንገቱን ደፍቶ ጣቱን ያፍተለትላል።

«ምን ላድርግ ብዙዬ» አላት ሲወጡ። «እናቴ ናቸው። እስኪጣራ ብቻ ነው።»

«አዎ» አለች። «እስኪጣራ።» ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ይሄ ነው። እናቱ ይናገሩ፣ እናት ናቸው። እሱ ግን አንዲት ቃል አልወጣውም።

ወራቱን እንዴት አሳለፈቻቸው? እየሰፋች። በቀኝ እግሯ መኪናውን እየረገጠች፣ በግራ እግሯ ልጇን የምታስደግፍበትን ትራስ እያቃናች። አሰግድ በየቀኑ ድንበሩን ተሻግሮ ይመጣና ልጁን ያቅፋል፣ ሳይመሽ ይሄዳል። መጀመሪያ በመጣ ቀን ሻይ አፍልታ ለደንበኛ በምታቀርብበት ብርጭቆ ሰጠችው። ብርጭቆውን አየው፣ ገባው፣ ጠጣ።

ካልቱማ ብቻ ናት ድምፅ ያልቀነሰችው። «እኛ ቦረናዎች ሁለት ወገን ነን፤ ሳቦ ከጎና ነው የሚጋባ» አለቻት አንድ ቀን፣ ወተቱን እየቀዳች። «ሳቦ ከሳቦ ከተጋባ ነውር ነው። እኔና አብዱብ ሥርዓቱን ጠብቀን ነው የተጋባን። እህቴ ጡሪም እንደዚያው። የጡሪ ልጅ ግን ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። ታዲያ የኛን ማን አልቆጠረው?» ብዙወርቅ በዚያ ሁሉ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ስልኩ የተደወለው ረፋድ ላይ፣ ኮሌታ እየሰፋች ሳለ ነው።

«እንደጠረጠርኩት ነው» አላት ዶክተር ፍራንሲስ። «የፕሮቲኑ መመሪያ ላይ ለውጥ አለ። ግን ስሚኝ ማማ ፀዲ፤ አንቺ ላይ የለም። ባልሽም ላይ የለም። አዲስ ለውጥ ነው።»

«ዘመዳሞች ብንሆን ኖሮስ?»

«ይሄ ከዘመድ ጋብቻ የሚመጣ አይደለም። በፍጹም የማይተዋወቁ ሰዎች ልጅ ላይም እኩል ይደርሳል።»

አመሰገነችው። ልትዘጋው ነበር። ግን በነገር ተቀጥቅጣ የከረመች ሴት እንዲሁ በዋዛ አትዘጋም። «ሁለታችንም ላይ ከሌለ ከየት መጣ?» አለችው።

«ዘር ሲሠራ መመሪያው ይገለበጣል። ሲገለበጥ አንዳንዴ አንዲት ስህተት ትገባለች። የወንድ ዘር ዕድሜ ልክ ሲገለበጥ ስለሚኖር፣ በዚህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ የሚገባው በአባት በኩል ነው። የእናንተን ለይቼ አላየሁም፤ ግን ሳይሆን አይቀርም። ደግሞ ጥፋት አይደለም። እኔም አንቺም ሁላችንም ስንወለድ ጥቂት አዲስ ለውጥ ይዘን ነው የተወለድነው፤ የኛ ክፉ ቦታ አላረፈም፣ ያ ብቻ ነው።»

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ብዙወርቅ ፀዲን አዝላ ገባች፤ ለውጡ በሁለቱም ላይ እንደሌለ፣ ከዝምድናም እንደማይመጣ ተናገረች። ጋሽ ኪሩ ራሳቸው ለሐኪሙ ደወሉና በተሰባበረ ስዋሂሊያቸው፣ «ዘመድ መሆን ያመጣዋል?» ብለው ጠየቁ። «አያመጣውም» አላቸው። ስልኩን ዘግተው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። እሳቸውም የራሳቸው ሸክም ነበረባቸው።

የአሰግድ እናት ግን አልረኩም። «መቼም ከሰማይ አልወረደ። ከአንዳችሁ ነው። ከማናችሁ ነው?»

«በአባት በኩል» የሚለው ቃል የብዙወርቅ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቢወጣ እኚህ ሴትዮ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ ይቆማሉ። ብዙወርቅ ልትለው ፈለገች፤ አልፈለገችም ብሎ የሚያወራላት ሰው ውሸታም ነው። ያስጠላት ጥያቄው ነው። ለገበያ እንደቀረበ ከብት ጥርሷን ሲያዩት ከርመዋል፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ጎትታ እዚያው መካከል ልታቆም ነው። በዚያስ ማን ሊያተርፍ? ሆድ ይፍጀው አለች።

«ከማንም አይደለም» አለች።

«ተመስገን» አሉ አሮጊቷ፣ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ያንተስ ዘር ንጹሕ መሆኑን አውቄ ነበር።»

ብዙወርቅ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። ጋብቻው ይጽና ተባለ፣ ተመረቁ፣ ተበተኑ።

ከሰዓት በኋላ አሰግድ ፍራሹን ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ አስጭኖ መጣ። ብዙወርቅ ፀዲን ጭኗ ላይ አስደግፋ ገንፎ እያበላች ነበር። ፍራሹን በር ላይ አቆመውና ሳይገባ ቆሞ ቀረ።

«ሐኪሙ ሌላ ያለሽ ነገር አለ» አላት። «እናቴ ሲጠይቁሽ የሆነ ነገር ስትውጪ አይቻለሁ። ንገሪኝ።»

ነገረችው። ሐኪሙ እንዳላት፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። አሰግድ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለምን እዚያ አልተናገርሽም?»

«ብናገር አንተን ደግሞ የት ሂድ ሊሉህ ነው?» አለችና ማንኪያውን ወደ ልጅቷ አፍ አቀረበች። «ደግሞ ጥፋት አይደለም ብሏል። ወደህ አላደረግኸውም። ዘመድም አላመጣው፣ ኃጢአትም አላመጣው። ማንም ሰው ላይ ሊደርስ የሚችል ነው። ገብቶሃል?»

አሰግድ ፍራሹን እንደያዘ መሬት መሬት አየ።

«ላንቺ እንዲህ ያለሽ ሰው አልነበረም» አለ።

«አልነበረም» አለች።

ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችለት፣ ልጅቷን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት፣ ማንኪያውንም ሰጠችው። «ቀስ እያልክ፤ ቶሎ ያንቃታል» አለችው። አሰግድ እያለቀሰ አበላት። ብዙወርቅም አላባበለችውም፤ ወደ መኪናዋ ተመልሳ የጀመረችውን ኮሌታ ጨረሰች።